ዶክተር ወፍጮ ዝም ያለችበት ቀን

የጥርስ ሐኪም የማይንቀጠቀጥ እጅ ያስፈልገዋል ይባላል። እሷ እጁም ነበራት፤ ከእጇ በፊት ግን የታወቀችው በምላሷ ነው። ገና ተማሪ ሳለች የክፍል ጓደኞቿ «ወፍጮ» የሚል ስም አወጡላት። አንዴ ከተነሣች እህሉ ሳያልቅ አትቆምም፤ እህሉ ደግሞ አልቆ አያውቅም። ስትመረቅ ስሙም አብሯት ተመረቀና «ዶክተር ወፍጮ» ሆነ። መጀመሪያ ከጀርባዋ ነበር የሚጠሯት። ኋላ ግን እሷ ራሷ ስልክ ስታነሣ «አቤት፣ ወፍጮ ነኝ» ማለት ስትጀምር ነገሩ ጸደቀ።

ሙያውም ለምላሷ ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ነበር። አድማጩ በጀርባው ተኝቶ፣ አፉን በርግዶ፣ ጥጥ ጎርሶ፣ አንዲት መልስ ሳይሰጥ የሚያዳምጥበት ሥራ ከየት ይገኛል? «ካመመህ እጅህን አንሣ» ትላለች ለታካሚዋ፤ «ወሬው ከሰለቸህ ግን አታንሣ፤ አላቆምም።» ልጆች በተለይ ይወዷታል። ማደንዘዣ መርፌው በእሷ ቤት ትንኝ ነው፤ መሰርሰሪያው ንብ፤ ምራቅ የሚመጠው ቱቦ ደግሞ ከበረሃ የመጣ የተጠማ ዝሆን። አልቅሰው የገቡ ልጆች ሲወጡ «ዝሆኑ ጠጥቶ ጠገበ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ቤቷም ከክሊኒኩ አይለይም። ባሏ መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ ከተለማማጅ ጎን ተቀምጦ ፍሬን መርገጥ ስለለመደበት፣ ማታ ሶፋ ላይ ሆኖ እሷ ወሬውን ስታፈጥነው ቀኝ እግሩ ሳያውቀው ወለሉን ይረግጣል። አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ፣ እማማ፣ ከድንጋይ ወሬ የሚያልቡ ሴት ናቸው። አማትና ምራት ማዕድ ላይ ሲገናኙ ሰውየው የሚያገኘው ዕድል አንድ ብቻ ነው፤ «ጨው አቀብሉኝ»።

ይህች ነገር በሆዷ የማታሳድር ሴት ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ከአፏ አይወጣም ነበር፤ የታካሚ ጉዳይ። እማማ ስንት ጊዜ ሞከሯት! «ያቺ የጋራዡ ሚስት እውነት ጥርሷ ሰው ሠራሽ ነው?» ሲሏት «እማማ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ትላቸውና ወደ ሌላ ወሬ ትዞራለች።

ከክሊኒኩ ፊት ለፊት አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ነበር። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ባለሶፋው» ይለዋል። የክሊኒኩን መቀመጫዎች የሠራው እሱ ነው፤ መንገድ ሲሻገር ከግራ ከቀኝ ሰላምታ የሚዘንብለት፣ ነጭ በነጭ ጥርሱን እያሳየ የሚስቅ ሰው። ዶክተር ወፍጮን በቀልድ የሚረታት እሱ ብቻ ስለነበረ ትወደዋለች። ገና ከሩቅ ሲያያት «ዶክተርዬ፣ ዛሬስ ስንት ኩንታል ፈጨሽ?» ይላታል። እሷም «ያንተን ሶፋ ምስጥ ፈጭቶት ይሆናል እንጂ!» ትለዋለች፤ ይሳሳቃሉ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ባለሶፋው የሚስቱን ልጅ ይዞ መጣ። ልጅቷ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ። የላይኛው የፊት ጥርሷ ግማሹ ተሰብሯል፤ ከንፈሯ አብጧል።

«ልዕልቴ ደረጃ ላይ ወደቀችብኝ» አለ ባለሶፋው። «እኔ የሠራሁት ሶፋ ላይ ብትወድቅ ኖሮ ይሄኔ ተኝታ ታንኮራፋ ነበር!»

ዶክተር ወፍጮ ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗ ልጅቷ ላይ አረፈ። ልጅቷ አልሳቀችም። አላኮረፈችምም። ቀይ መብራት ላይ እንደቆመ ሰው ዓይኗን የእንጀራ አባቷ ፊት ላይ ተክላ ትጠብቃለች።

«መቼ ወደቅሽ የኔ ቆንጆ?»

ልጅቷ መጀመሪያ እሱን አየች። «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» አለች። የተጠየቀችው መቼ ነው፤ የመለሰችው የት ነው።

«ከትናንት በስቲያ» አለ እሱ ፈጠን ብሎ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው ያዘገየኋት።»

ሐኪሟ ወንበሩን ዝቅ አድርጋ ስለ ዝሆኑ ማውራት ጀመረች። ከንፈሯን ገለጥ ስታደርግ፣ የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ሥጋ ተቀዷል። እንዲህ ያለ ቁስል አፍ ላይ ያረፈ ኃይለኛ ነገር የሚተወው ነው፤ በመውደቅም አንዳንዴ ይመጣል፤ ስለዚህ ወሬዋን ቀጠለች። ፀጉሯን ገፋ ስታደርግ ግን ጆሮዋ ላይ የጣት ቁንጥጫ የሚመስል ሰማያዊ ምልክት አየች፤ ከሥሩ ሌላ፣ ወደ ቢጫ የተለወጠ፣ የቆየ። ጆሮ ደግሞ ልጅ ሲወድቅ ራስና ትከሻ የሚከልሉት ቦታ ነው። ዝሆኑ ውኃ ፍለጋ ወንዝ ጋ ደርሷል፤ እሷም መብራቱን ወደ ታች ለመሳብ እጇን ወደ ላይ አነሣች።

ልጅቷ በሁለት ክርኖቿ ፊቷን ከለለች።

ወፍጮው ቆመ። ዝሆኑ ወንዝ ዳር እንደቆመ ቀረ። ረዳቷ ነርስ ቀና ብላ አየቻት፤ አብረው ሲሠሩ እንዲህ ያለ ፀጥታ ሰምታ አታውቅም።

ባለሶፋው ከጥግ ሆኖ «ፈሪ ናት!» አለና ሳቀ። «ብስክሌቷ ላይ እኮ አንበሳ ናት። ያኔም ብስክሌቱን ቀስ አድርጊ ብያት ነበር።»

ደረጃው ብስክሌት ሆነ። ዶክተር ወፍጮ ምላሷ ጫፍ ላይ «ብስክሌቱን ደረጃ ላይ ነው የምትነዳው?» የሚል ጥሩ ቀልድ መጣላት። በሌላ ቀን ቢሆን ሰውየውን አፉን ታስይዘው ነበር። አሁን ግን ዋጠችው። ዛሬ እሱ ከተረታ፣ የሽንፈቱን ዋጋ ማታ ቤት የምትቀበለው ይቺ ልጅ ናት።

«ራጅ እናነሣለን» አለች። «ራጅ ክፍል ቤተሰብ አይገባም፤ ደንብ ነው። እዚሁ ጠብቀን።»

ራጅ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ወንበር፣ ከግድግዳ የወጣ የማሽን ክንድና ወፍራም በር። ከባዱን መከላከያ ሽርጥ ስታለብሳት ልጅቷ ልብሱ ውስጥ ጠፋች፤ አንገቷ ብቻ እንደ ኤሊ ብቅ አለ። ዶክተር ወፍጮ ከፊቷ ተንበረከከች። ጥያቄዎቹ ጉሮሮዋ ድረስ ሞልተዋል። እሱ ነው? መታሽ? በምን? ሁልጊዜ ነው? ነገር ግን አንድ ሥልጠና ላይ ስትማር የሰማችው ነገር አለ። ልጁ የሚለውን ስሙ እንጂ ልጁ አፍ ውስጥ ቃል አትክተቱ። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ዕቃ ስትከት የኖረች ሴት ናት፤ ቃል አለመክተት እንደምን ያለ ፈተና እንደሆነ ያን ዕለት አወቀች።

«እስኪ ስለዚህ ጥርስ ንገሪኝ» አለችና አፏን ዘጋች።

ማሽኑ እምም ይላል። ሐኪሟ ምላሷን በጥርሶቿ መካከል ያዘች፤ ሊያመልጣት ስለሆነ የምሯን ነክሳ ያዘች።

«በሩ ወፍራም ነው?» አለች ልጅቷ።

«በጣም።»

«ውጪ ይሰማል?»

«አይሰማም።»

ልጅቷ የሽርጡን ጠርዝ ስትፈትል ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ወደ ሐኪሟ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ቤታችን ደረጃ የለውም» አለች።

ቀሪው በራሱ ጊዜ መጣ፤ ወተት ደፋች፤ ሶፋው አዲስ ነበር፤ ጆሮዋን ይዞ ከበሩ ጋር አጋጫት፤ እናቷ ሥራ ነበረች። ሌላም ጊዜ አለ።

«ለማንም አትናገሪም አይደል?»

እዚህ ላይ ሐኪሟ «አልናገርም» ብትል እንዴት በቀለላት! ግን ልጅን በውሸት ማባበል፣ ያውም እንዲህ ያለውን ልጅ፣ አልሆነላትም።

«የኔ ቆንጆ፣ እኔኮ ሰው ሁሉ ምን እያለ እንደሚጠራኝ ታውቂያለሽ? ወፍጮ ነው የሚለኝ። ሚስጥር ጠብቂ ብትዪኝ ቃል አልገባልሽም። ይሄን ግን የምነግረው ልጆችን መጠበቅ ሥራቸው ለሆነ ሰዎች ነው፤ ለሌላ ለማንም አልነግርም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ወተት ይደፋል። እኔ ትልቋ እንኳ ስንት ጊዜ ደፍቻለሁ።»

«ወፍጮ?» አለች ልጅቷ። ያበጠው ከንፈሯ በአንድ በኩል ትንሽ ከፍ አለ።

«ወፍጮ» አለች ሐኪሟ። «አሁን አትነቃነቂ፤ ራጁን እናንሣ።»

ልጅቷን ለነርሷ ሰጥታ የክሊኒኩ ኃላፊ ቢሮ ገባች። ኃላፊው ሽማግሌ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ የተቀመጡበትም ወንበር የባለሶፋው ሥራ ነው። የወፍጮን ድምፅ ከሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ማሸት ይጀምራሉ፤ ረጅም ነገር እየመጣ ነው ማለት ነው። አሁንም ጀመሩ።

«ልጅቷ እየተመታች ነው። ቁስሉ ከሚሉት ታሪክ ጋር አይገጥምም። ራሷም ነግራኛለች። ልደውል ነው» አለች።

ኃላፊው እጃቸው ዓይናቸው ላይ እንዳለ ቆሙ። «እርግጠኛ ነሽ? ሰው ቤት ማፍረስ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞ ሰውየውን እናውቀዋለን።»

«እርግጠኛ መሆን የእነሱ ሥራ ነው፤ ይመርምሩ። መጠርጠርና መናገር ግን የእኛ ግዴታ ነው። እርስዎ ቢያዩት እርስዎም ይደውሉ ነበር።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ይሄን ያህል ዘመን ስንሠራ» አሉ፣ «አንቺ ነገር ስታሳጥሪ ሰምቼ አላውቅም። በይ ደውዪ። እኔ ራሴ አጠገብሽ ቆሜ።»

ከሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ስልኩን ያነሣችው ሴት ድምፀ ርጉዕ ነበረች። «ያየሽውን ንገሪኝ። ልጅቷ ያለችውንም በራሷ ቃል። የገመትሽውን ተይው።» ዶክተር ወፍጮ ነገረቻት፤ ቃል ሳትጨምር፣ ሳታጣፍጥ። ሴትዮዋ ሰምታ ስትጨርስ «ልጅቷን አታስወጧት። መንገድ ላይ ነን። ለሰውየው ምንም እንዳይታወቀው፤ የምታቆዪበት ዘዴ አታጪም» አለቻት።

ዘዴ! ዶክተር ወፍጮ ወደ መጠበቂያው ክፍል ስትመለስ ባለሶፋው ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነው።

«ዶክተርዬ፣ ሱቁን ክፍት ጥዬ ነው የመጣሁት። አልጨረስሽም?»

«ማደንዘዣው እስኪይዝ ነው። እስከዚያ ና ቁጭ በል፤ ይሄን ሁሉ ዘመን ጥርስህን አንድ ቀን አይቼልህ አላውቅም። በነፃ ነው።»

በነፃ የሚባል ነገር ባለሶፋው አያልፍም። በሌላኛው ክፍል ወንበር ላይ ተዘረጋ። ወዲያው ጥጥ በግራ፣ ጥጥ በቀኝ፣ ዝሆኑ ምላሱ ሥር። ከዚያ ወፍጮው ተነሣ። ስለ ድድ አወራችው። ስለ ጥርስ ሥር አወራችው። ጥርሳቸውን ሳይፋቁ ተኝተው ስለተነሡ ሰዎች፣ ባሏ ስላስተማራቸው ሹፌሮች፣ ፍሬንና ነዳጅ ለይታ ስለማታውቅ አንዲት ሙሽራ፣ ስለ አማቷ ጉልበት። ሰውየው ሰፈሩን ሁሉ በቀልድ የሚረታ ሰው ነበር፤ አሁን ግን «እህ» እና «ኧኧ» ብቻ ቀረው። በሆነ ጊዜ እጁን አነሣ። «አመመህ?» አለችው፤ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። «እንግዲያውስ ዝቅ አድርገው።»

እንዲህ ስታወራ ውስጧ ግን ሌላ ነበር። ከእጇ ሥር ያሉት ጥርሶች አንድም እንከን የላቸውም። ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለወደደውም ለጠላውም ይስቃል። በእነዚህ ጥርሶች ስንት ጊዜ አብራ ሳቀች! የያዘችው መፋቂያ ሹል ነው፤ ድዱ ደግሞ ለስላሳ፤ አንዲት መንሸራተት ትበቃ ነበር። ክፉ ሐሳብ ሽው ብሎባት አለፈ። እጇ ግን አልተንሸራተተም፤ ጥርሱን አንድ በአንድ፣ እንደማንኛውም ሰው ጥርስ፣ አጸዳችለት።

ሰዎቹ ሲደርሱ ጩኸትም ግርግርም አልነበረም። ያቺ ድምፀ ርጉዕ ሴትና ተራ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ናቸው። ሴትዮዋ ወደ ልጅቷ ሄደች፤ ፖሊሱ ባለሶፋውን «ትንሽ እናነጋግርህ» አለው። ባለሶፋው አፉን ተጉመጥምጦ ተፋና «ምንድነው፣ ጥርሴን በነፃ ስላሳጠብሁ ነው የምታስሩኝ?» አለ። ማንም አልሳቀም።

እናትየው ከምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ተጠርታ የሥራ ሽርጧን እንዳደረገች መጣች። የሆነውን ሲነግሯት ቀጥታ የሄደችው ዶክተር ወፍጮ ጋ ነው። «ጥርስ አክሚ አልኩሽ እንጂ ቤቴን አፍርሺ አልኩሽ? አንቺን ብሎ ሐኪም! ወሬኛ!» እያለች በሰው ፊት አወረደችባት። ለማንም መልስ የማታጣው ሴት እጇን አጣምራ ቆማ ሰማቻት። ልጅቷ በዚያው ዕለት የእናቷ እህት፣ አክስቷ፣ ዘንድ ሄደች።

ያን ዕለት ማታ እቤት የሆነው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ዶክተር ወፍጮ ራት ቀርቦ ዝም አለች። ባሏ የመጀመሪያውን ጉርሻ ይዞ ጠበቀ። ምንም። እማማ እጃቸውን ሰደው ግንባሯን ዳሰሱ፤ ትኩሳት የለም። ባሏ ዕቃ ማንሣት ጀመረ፤ ሳህን አጠበ፤ ሳይጠየቅ ቆሻሻ ደፍቶ መጣ። አሁንም ዝም። በመጨረሻ አልቻለም።

«በቃ እሺ» አለ። «መኪናውን አጥር ጋ ያስነካሁት እኔ ነኝ። ተለማማጁ አይደለም።»

ዶክተር ወፍጮ ቀና ብላ አየችውና ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። «ከባድ ቀን ነበር» አለች። «መናገር አልችልም። ይሄንንስ ሆድ ይፍጀው።»

እማማ፣ እኚያ ከድንጋይ ወሬ የሚያልቡት፣ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። «ካልሽ እሺ ልጄ» አሉና ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

ወሬው ግን በሌላ በር ገባ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የሚበዛው ከባለሶፋው ጋር ነበር። «በምላሷ ቤት አፈረሰች» ተባለ። አንዳንድ ታካሚዎች ጥርሳቸውን ይዘው ሌላ ሰፈር ሄዱ። ዶክተር ወፍጮም «እንዲህ ነበር፣ እንዲያ ነበር» ማለት አትችልም፤ ለልጅቷ የገባችው ቃል አለና። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንዲት ጎረቤት ነገሩን ስታነሣ እማማ እዚያው ነበሩ። «ስሚ» አሏት፣ «ምራቴ ወሬኛ ናት፤ አይደለችም አልልም። ስለዚህ ነገር ግን እኔ ራሴ አንዲት ቃል ከአፏ አላገኘሁም። እኔ ያላገኘሁትን አንቺ ከየት አገኘሽው?» እማማ ዳቧቸውን ይዘው ሄዱ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዶክተር ወፍጮ ለምስክርነት ቆመች። የተጠየቀችው ጥርሱ እንዴት ተሰብሮ እንዳገኘችው ነው፤ እሷ ከወተት ጥርስ አበቃቀል ጀመረች። ዳኛው «ዶክተር፣ ፍርድ ቤቱ ጥርስ ካበቀለ ቆይቷል፤ ወደ ጥያቄው» አሏት። ሳቅ ሆነ። ከዚያ ያየችውን ተናገረች፤ ጆሮውን፣ የተቀደደውን ሥጋ፣ የተነሡትን ክርኖች። የዚያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ባለሶፋው ተፈረደበት፤ ሱቁንም ሌላ ሰው ተከራይቶ ጫማ ይሸጥበት ጀመር።

ልጅቷ ጥርሷ እንዲሞላ በአክስቷ እጅ ተመልሳ መጣች። ከወንበሩ ላይ ሁለት ጊዜ ወርዳ ሮጠች። ትንኙን ስታይ ክሊኒኩ እስኪናወጥ ጮኸች፤ በመጨረሻም የሐኪሟን ጣት እስከ አጥንቱ ነከሰችው። አክስቷ በኀፍረት «ይቅርታ ዶክተር! ምን ሆነሽ ነው አንቺ!» ስትል ዶክተር ወፍጮ ጣቷን እያራገበች «ተያት፣ ተያት! እንዴት ያለ ንክሻ ነው! ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ድኗል ማለት ነው!» ትላለች። ያን ቀን ያገኘችውን ሰው ሁሉ ጣቷን አሳየችው፤ የማን ጥርስ እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

እናትየው ለብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ፊቷን እያዞረች አለፈቻት። ልጇ ዘንድ መመላለስ የጀመረችው ቀስ እያለች ነው፤ ኋላም ቤት ቀይራ ይዛት ገባች፤ ይህን ዶክተር ወፍጮ የሰማችው ከአክስትየው ነው። አንድ ጠዋት ግን እናትየው ጉንጯ እንደ ሎሚ አብጦ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመች።

«ሌላ ሐኪም ጠፍቶ አይደለም የመጣሁት» አለች። «ቅርብ ስለሆንሽ ነው።»

«ግቢ» አለቻት።

ወንበሩ ላይ ተኛች። መብራቱ ሲበራባት ዓይኗን ጨፈነች። «ያኔ ጆሮዋን አይቻለሁ» አለች እንደተጨፈነች። «ትራሱ ነው ብሎኝ ነበር። እኔም ትራስ ይሆናል አልኩ።» ዶክተር ወፍጮ ከጎኗ ተቀምጣ ጓንቷን ሳታጠልቅ ጠበቀች። እናትየው ትንሽ አለቀሰች፤ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ከዚያ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«በይ ንቀዪልኝ። ስትነቅዪ ግን እንዳታወሪብኝ፤ ልጄ ነግራኛለች።»

«እሱን ቃል አልገባም» አለች ዶክተር ወፍጮ ጓንቷን እያጠለቀች። «አፍሽን ክፈቺ።»

መንጋጋው ሥረ ጠማማ ነበርና እስከ ምሳ ሰዓት አደከማቸው።